«ሰላም በጥንካሬ» የሚለው የሬገን መርህ ለዛሬው የአሜሪካና የቻይና ፍጥጫ ይሠራል ወይ?

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ተንታኞች ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚሉትን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በትኩረት እከታተላለሁ፤ በብዙ ጉዳይም፣ በተለይ በቤተሰብ፣ በእምነትና በመንግሥት ሥልጣን ልክ ላይ፣ ከእነርሱ ጋር የምስማማ ሰው ነኝ። አሜሪካና ቻይና ስለገቡበት ፍጥጫ ሲናገሩ ግን አንዱ የገነባውን ሌላው ሲያፈርሰው እሰማለሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ሁሉም የሚምሉት በአንድ ሰው ስም፣ በሮናልድ ሬገን መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ «ሬገን ሶቪየት ኅብረትን አንዲት ጥይት ሳይተኩስ የረታው ጦሩን አጠናክሮ ፊት ስለነሳት ነው፤ ቤጂንግንም በዚያው መንገድ ማንበርከክ ይቻላል፤ ድርድር ለጠላት ጊዜ መስጠት ነው» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ «ሬገን ከሚካኤል ጎርባቾቭ ጋር አምስት ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ሙሉ የኑክሌር ሚሳኤል ዓይነት ያስወገደ መሪ ነው፤ ዛሬ ቢኖር ከሺ ዢንፒንግም ጋር ይነጋገር ነበር» ብለው ይከራከራሉ። ሦስተኛዎቹ የአገሪቱ ዕዳና የተዳከመው ኢንዱስትሪ ስለሚያሳስባቸው ለታይዋን ሲባል የአሜሪካ ወታደር መሞት የለበትም ባዮች ናቸው፤ እነርሱም በተራቸው ሬገን በቤይሩት 241 ወታደሮች ከተገደሉበት በኋላ በ1984 መጀመሪያ ጦሩን ማስወጣቱን ያስታውሳሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ክፍል አለው። ሬገን በተግባር ያደረገው ምንድን ነው? ያደረገውስ ነገር ከሶቪየት በእጅጉ ለምትለየው ቻይና ይሠራል ወይ? ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፍ ለመከታተል ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የታሪክ መምህር)

ጠያቂያችን ጥሩ ጉዳይ አንስተዋል። በእኔ እምነት ሦስቱም ወገኖች ከሬገን ታሪክ አንድ አንድ ቁራጭ ይዘው ሙሉው በእጃችን ነው ይላሉ። የሬገን ጥንካሬና የሬገን ድርድር ሁለት የተለያዩ ፖሊሲዎች አልነበሩም፤ ጥንካሬው የተገነባው በመጨረሻ ሊረጋገጥ የሚችል ስምምነት ላይ ለመድረስ ነበር፤ ስምምነቱም ያለ ጥንካሬው ባልመጣ ነበር። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ በራሱ መንግሥት ሰነድ ላይ የተጻፈ ነውና።

በጥር 1983 የጸደቀው የብሔራዊ ደኅንነት መመሪያ ቁጥር 75፣ በማርቀቁ ሥራ ውስጥ የሩሲያ ታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓይፕስ ትልቅ እጅ የነበረበት፣ አሜሪካ በሶቪየት ላይ የሚኖሯትን ሦስት ተግባራት ይዘረዝራል። አንደኛው የሶቪየትን መስፋፋት መግታትና ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሁለተኛው በሶቪየት ውስጥ ሥርዓቱ ወደ ብዙኃንነት እንዲለወጥ፣ ባለው ጠባብ ዕድል ልክ፣ ግፊት ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ የአሜሪካን ጥቅም የሚያስጠብቁና በእኩል ሰጥቶ መቀበል ላይ የተመሠረቱ ስምምነቶች ላይ ለመድረስ መደራደር ነው። ሞስኮን «የክፋት ግዛት» ብሎ በኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለወንጌላውያን ጉባኤ ከመናገሩ ሁለት ወር አስቀድሞ ድርድርን በመመሪያው ውስጥ አስፍሮት ነበር ማለት ነው።

ያ 1983 የሚባለው ዓመት እንዴት ያለ አስጨናቂ ዓመት እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። መጋቢት 8 የኦርላንዶው ንግግር ተደረገ፤ በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ብዙዎች «የከዋክብት ጦርነት» ያሉት የሚሳኤል መከላከያ ዕቅድ ይፋ ሆነ። መስከረም 1 ቀን አንድ የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን አቅጣጫውን የሳተ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለና 269 ሰዎች አለቁ። በዚያ ሳምንት ብዙ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎች ሬገን ከሞስኮ ጋር ያለውን ማናቸውንም ድርድር እንዲያቋርጥ ጠየቁ። እርሱ ግን ድርጊቱን በብርቱ ቃል ካወገዘ በኋላ ተደራዳሪዎቹን ወደ ጄኔቫ መልሶ ላከ። በኅዳር ፐርሺንግ ሁለት የተባሉት የአሜሪካ ሚሳኤሎች ምዕራብ ጀርመን መግባት ሲጀምሩ ድርድሩን ረግጠው የወጡት ሶቪየቶቹ ነበሩ። በጥር 1984 ደግሞ ሬገን በቴሌቪዥን ቀርቦ ኢቫንና አንያ የተባሉ ሩሲያውያን ጂምና ሳሊ ከተባሉ አሜሪካውያን ጋር ዝናብ አስጠልሏቸው ቢገናኙ ስለ ምን ያወሩ ነበር የሚል ንግግር አደረገ። ሚሳኤሉንም አላነሳም፤ በሩንም አልዘጋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛሬ በስሙ የሚምሉት ተንታኞች ወይም መምህሮቻቸው በዘመኑ አብጠልጥለውታል። ገና በሚያዝያ 1981፣ ካርተር ሶቪየት አፍጋኒስታንን በመውረሯ የጣለውን የእህል ሽያጭ እገዳ ሬገን ለገበሬዎቹ የገባውን ቃል ጠብቆ ሲያነሳ፣ የመርህ ሰዎች ቅር ተሰኙ። በ1982 ወግ አጥባቂው ጸሐፊ ኖርማን ፖድሆሬትዝ የሬገን የውጭ ፖሊሲ እንዴት እንዳሳዘነው ረጅም ጽሑፍ አወጣ። በታኅሣሥ 1987 ሬገንና ጎርባቾቭ ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ የምድር ሚሳኤሎችን ፈጽሞ የሚያስወግደውን ስምምነት ሲፈርሙ ደግሞ ቁጣው ጣሪያ ነካ፤ ሬገንን ለሂትለር ተንበርክኳል ከሚባለው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከኔቪል ቻምበርሌን፣ ጎርባቾቭን ከሂትለር ጋር ጎን ለጎን ያሳዩ የጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ያወጡት ግራ ዘመሞች ሳይሆኑ የራሱ ካምፕ ሰዎች ነበሩ። ስምምነቱ በግንቦት 1988 ወደ ሴኔት ሲቀርብ 93 ለ5 ሆኖ ጸደቀ፤ ከተቃወሙት አምስት አራቱ ሪፐብሊካኖች ሲሆኑ ጄሲ ሄልምስ አንዱ ነበር።

ተቺዎቹ ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው ነበር አልልም። ሶቪየቶች ስምምነት በመጣስ ይታወቁ ነበር። የሬገን መልስ ግን አለመፈረም ሳይሆን እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥጥር መጠየቅ ነበር። እርሱ ደጋግሞ የሚጠቅሰው «እመን፣ ነገር ግን አረጋግጥ» የሚለው የሩሲያ አባባል በወረቀት ላይ ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ቮትኪንስክን ይመልከት። ይህች የሙዚቃ ሊቁ ቻይኮቭስኪ የተወለደባት የኡራል አካባቢ ከተማ (በነገራችን ላይ እስከዚያ ዘመን ድረስ ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች) የሶቪየት ሚሳኤሎች ተገጣጥመው የሚወጡባት ናት። በስምምነቱ መሠረት እስከ ሠላሳ የሚደርሱ አሜሪካውያን ከፋብሪካው በር ላይ ተቀመጡ። በበሩ የሚወጣው የባቡር ፉርጎ ርዝመቱ ይለካል፤ የተከለከለውን ሚሳኤል ሊይዝ የሚችል ከሆነ ይጣራል፤ በኋላም በሳጥኑ ውስጥ ያለውን በራጅ የሚያሳይ መሣሪያ ተተከለ። በመሣሪያው አጠቃቀም ላይ በ1990 ከባድ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር፤ ነገር ግን ተፈታ። በዚያው ልክ የሶቪየት ተቆጣጣሪዎች በዩታ ግዛት፣ ማግና በተባለች ከተማ፣ የፐርሺንግ ሞተር ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ወገኖች እስከ 2001 ድረስ እዚያው ቆዩ። በስምምነቱ የተወገዱት ሚሳኤሎች 2,692 ሲሆኑ፣ 1,846ቱ የሶቪየት፣ 846ቱ የአሜሪካ ነበሩ። ሶቪየት ከእጥፍ በላይ አስወገደች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ስምምነት የሚገኘው ደግሞ በ1983 ፐርሺንጎቹን ለመትከል ከጸናህ ብቻ ነው።

መልስ (ከፍራንክፈርት)

መምህሩ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ታሪኩ ትክክል ነው። ወደ ቻይና ስንሻገር ግን ንጽጽሩ የሚይዘው ከሚጠበቀው ያነሰ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ገንዘብ ነው።

ጎርባቾቭ ወደ ድርድር የመጣው ፐርሺንግ ስላስፈራው ብቻ አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት የውጭ ምንዛሪዋን የምታገኘው በአብዛኛው ነዳጅና ጋዝ በመሸጥ ሲሆን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በ1985 መጨረሻ ምርቷን ከፍ ካደረገች በኋላ የአንድ በርሜል ዋጋ በ1986 ከ25 ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። በዚያ ላይ እህል ከውጭ፣ ከራሷ ከአሜሪካም ጭምር፣ እየገዛች ሕዝቧን ትመግብ ነበር። የአፍጋኒስታን ጦርነት፣ የቼርኖቤል አደጋ፣ የምሥራቅ አውሮፓ ሸክም ሲጨመርበት አገሪቱ እፎይታ ካላገኘች መቀጠል የማትችልበት ደረጃ ላይ ነበረች። ሬገን ትክክለኛውን ፖሊሲ በትክክለኛው ሰዓት ያዘ፤ ሰዓቱን ግን እርሱ አልፈጠረውም።

ቻይና እንዲህ አይደለችም። በ2022 በሁለቱ አገሮች መካከል የተደረገው የዕቃ ንግድ 690 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ አሜሪካ ከሶቪየት ጋር የነበራት ንግድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ለዚህ ሁኔታ ደግሞ ወግ አጥባቂዎች ራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ይህንን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በግንቦት 2000 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለቻይና ቋሚ መደበኛ የንግድ ግንኙነት ሲፈቅድ 237 ለ197 የነበረው ድምፅ ያለፈው 164 ሪፐብሊካኖች ስለደገፉት ነው፤ አብዛኞቹ ዲሞክራቶች ተቃውመው ነበር። የዚያን ጊዜ እምነት ንግድ ከመጣ መካከለኛ መደብ ይመጣል፣ መካከለኛ መደብ ከመጣ ነጻነት ይከተላል የሚል ነበር። ቻይና በታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች፤ ሀብቱ መጣ፤ ነጻነቱ አልተከተለም። በእኔ አመለካከት ይህ እምነት ከወግ አጥባቂነት መሠረት የራቀ ነበር። የሰው ተፈጥሮና የሥልጣን ጥማት በሸቀጥ ልውውጥ እንደማይለወጡ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች፣ ይህችን አንዲት አገር በተመለከተ ግን ገበያው ያለሰልሳታል ብለው አመኑ።

ስለዚህ ከሬገን ዘመን ለቻይና የሚጠቅመን ትምህርት በቴክኖሎጂ ቁጥጥሩ በኩል ያለው ይመስለኛል። በ1987 የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን ለሶቪየት የሸጣቸው ዘመናዊ የብረት መቅረጫ ማሽኖች የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ አልባ ፕሮፔለር ለመሥራት እንደዋሉ ሲታወቅ፣ የተወሰኑ የምክር ቤት አባላት በካፒቶሉ ሜዳ ላይ የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። ትዕይንቱን ትተን ነገሩን ስናየው፣ ያን ጊዜ የምዕራቡ ዓለም ለኮሙኒስት አገሮች የሚሸጠውን ቴክኖሎጂ የሚቆጣጠር ኮኮም የሚባል የጋራ አሠራር ስለነበረ ነው ሽያጩ ጥፋት ተብሎ ሊያስቀጣ የቻለው። አሜሪካ በጥቅምት 2022 የረቀቁ ቺፖችና ማምረቻ መሣሪያዎቻቸው ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ስትከለክል፣ ሆላንድንና ጃፓንን ለየብቻ መለመን ነበረባት፤ ኮኮም በ1994 ፈርሷልና። የተሻለው ማሽን የሚሠራው ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ነው። ወዳጆችን በቀረጥ እያስቀየሙ በዚህ ጉዳይ አብራችሁን ቁሙ ማለት እንደማያስኬድ የሚያነሱ ወግ አጥባቂዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን ነኝ።

መልስ (ከሜሪላንድ)

እኔ በጠያቂያችን ሦስተኛ ወገን ላይ ላተኩር፤ እስካሁን በበቂ አልተነሳምና። «ታይዋን ጉዳያችን አይደለችም» የሚሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደ ከሃዲ ሲታዩ እሰማለሁ፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። በወግ አጥባቂው ወገን ውስጥ ከባሕር ማዶ ግዴታ የመራቅ ሐሳብ የቆየ ሥር አለው። ኔቶ የተመሠረተበት ስምምነት በሐምሌ 1949 በሴኔቱ 82 ለ13 ሲጸድቅ ተቃውመው ድምፅ ከሰጡት አንዱ በዘመኑ «ሚስተር ሪፐብሊካን» ይባል የነበረው ሮበርት ታፍት ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃም ወግ አጥባቂው ተንታኝ ፓትሪክ ቡካነን ወታደሮቹ ይመለሱ አለ፤ የሬገን የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር የነበሩት ጂን ከርክፓትሪክ እንኳ በ1990 አሜሪካ ወደ ተራ አገርነት ልትመለስ ትችላለች ብለው ጽፈዋል።

ነገር ግን በታይዋን ጉዳይ ታሪኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ካርተር በታኅሣሥ 1978 ለቤጂንግ መንግሥት ዕውቅና ለመስጠት ሲወስን ከታይፔ ጋር የነበረው የ1954ቱ የጋራ መከላከያ ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ባሪ ጎልድዋተር ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔት ፈቃድ ውል ማፍረስ አይችልም ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ፤ በይግባኝ ተሸነፈ፤ በታኅሣሥ 1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱ እንዲዘጋ አዘዘ። ለአንድ ሩቅ ደሴት የተገባ ቃል ለአንድ የአሪዞና ሴናተር የሕገ መንግሥት ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ። ምክር ቤቱም በ1979 የታይዋን ግንኙነት ሕግን አውጥቶ ለደሴቲቱ መከላከያ መሣሪያ መሸጥ እንዲቀጥል ደነገገ።

ሬገንም እዚህ ላይ መምህሩ የገለጹትን ባሕርይ አሳይቷል። በነሐሴ 17 ቀን 1982 ከቤጂንግ ጋር ለታይዋን የሚሸጠውን መሣሪያ ቀስ በቀስ ለመቀነስ የሚል የጋራ መግለጫ አወጣ፤ ደጋፊዎቹ ተቆጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ግን ለታይፔ ስድስት ማረጋገጫዎች ልኮ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ለሽያጩ ማብቂያ ቀን እንደማይቆረጥለትና ቤጂንግ አስቀድማ እንደማትማከርበት የሚሉት ይገኛሉ። በመግለጫው ዕለት ራሱ ያስቀመጠው ማስታወሻ ደግሞ ቅነሳው የሚፈጸመው ቻይና ልዩነቱን በሰላም ለመፍታት እስከቆመች ድረስ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ማስታወሻው ከምስጢር መዝገብ ወጥቶ የታተመው በ2019 ነው።

የሦስተኛው ወገን ጠንካራ ነጥብ ግን በቃል ሳይሆን በአቅም በኩል ነው፤ ይህ መልስ ይፈልጋል። ዛሬ ከዓለም የንግድ መርከብ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው ቻይና ውስጥ ሲሆን የአሜሪካ ድርሻ ከመቶ አንድ አይሞላም። ፔንታጎን በራሱ ዘገባ የቻይና ባሕር ኃይል ከ370 በላይ መርከቦች እንዳሉት ይገልጻል፤ አሜሪካ ከ300 በታች ነው ያላት። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር አሜሪካ በወር የምታመርተው 155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ወደ 14,000 ገደማ ነበር፤ ይህ በከባድ ውጊያ የጥቂት ቀናት ፍጆታ ነው። በ2024 በጀት ዓመት መንግሥት ለዕዳው የከፈለው ወለድ ለመከላከያ ካወጣው በለጠ። በሬገን ዘመን የመከላከያ ወጪ ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ወደ 6 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ኤልብሪጅ ኮልቢ ያሉ የመከላከያ ፖሊሲ ሰዎች ኃይል ሁሉ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ ወደ እስያ ይዙር የሚሉት ታይዋንን ለመተው ሳይሆን ለሁሉም የሚበቃ ኃይል እንደሌለ ስላዩ ነው። እኔ ይህ ክርክር ያሳምነኛል። የማይቻል ቃል መግባት ከዝምታ የባሰ አደጋ ይጠራል፤ የተገባውን ቃል ለመጠበቅ ደግሞ የመርከብ ማምረቻና የጥይት ፋብሪካ እንጂ የቴሌቪዥን ፉከራ አይጠቅምም።

መልስ (ከድሬዳዋ)

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም በቁም ነገር ጽፋችኋል። ነገር ግን «አንዲት ጥይት ሳይተኮስ» የሚለው አባባል በዚህ በኩል ለምንኖር ሰዎች አይዋጥልንም። ቀዝቃዛው ጦርነት በዋሽንግተንና በሞስኮ ቀዝቃዛ ነበር፤ በአንጎላ፣ በአፍጋኒስታንና በእኛ ምድር ግን አልነበረም።

በሐምሌ 1977 የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ሶማሊያ የታጠቀችው በሶቪየት መሣሪያ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ ቃኘው ጣቢያ፣ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በጥቂት ወራት ውስጥ ኃያላኑ ቦታ ተለዋወጡ፤ ከኅዳር ጀምሮ ሞስኮ በአየርና በባሕር ታንክና መድፍ አጋዘች፤ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ በውጊያው አመራር ተሳተፈ፤ በመጋቢት 1978 ጅጅጋ በካራማራ በኩል ነጻ ወጣች። ከተማችን ድሬዳዋም ሐረርም በዚያ ጦርነት የጠላት ታንክና መድፍ ቀርቧቸው ነበር፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም ይናገሩታል። ድላችን ነው፤ እንኮራበታለን። ግን በሩቅ ሆነው የሚያዩት በሌላ ዓይን አዩት። የካርተር አማካሪ ብሬዚንስኪ በኋላ የስትራቴጂክ መሣሪያ ገደብ ስምምነቱ በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል ሲል ተናገረ፤ እርሱ ዲሞክራት ቢሆንም ነገሩ ለወግ አጥባቂ ተንታኞች ከፍተኛ መከራከሪያ ሆነ። ውጥረቱን አርግበናል የተባለው ፖሊሲ እንዳልሠራ ማስረጃው የአፍሪካ ቀንድ ነው አሉ። በዚህ ረገድ ትክክል ነበሩ፤ ሞስኮ በአንድ እጇ ስምምነት እየፈረመች በሌላው ጦር ታጓጉዝ ነበርና። መድኃኒት ተብሎ የታዘዘው ግን በ1980 የሶማሊያን ወደብ በርበራን ለመጠቀም ለዚያድ ባሬ መሣሪያና ገንዘብ መስጠት ሆነ፤ የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1988 በሃርጌሳ ላይ እሳት ማዝነቡን ሁላችንም እናውቃለን።

በሌላ በኩል ስለ ሬገን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ፍትሕ አጓድላለሁ። በ1984 እና 1985 ረሃቡ ሲጠና ኢትዮጵያ የምትመራው በሞስኮ ወዳጅ በደርግ ነበር። በዋሽንግተን «ለማርክሲስት መንግሥት እህል መስጠት ጠላትን መቀለብ ነው» ያሉ ነበሩ። ሬገን የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብሎ እህሉን ላከ፤ አሜሪካ ከለጋሾች ሁሉ ትልቁ ሆነች። ለእኔ ይህ ከሚሳኤሉም ከስምምነቱም ይልቅ ስለ ሰውየው የሚነግረኝ ነገር አለ። ዛሬ በቻይናና በአሜሪካ መካከል የተያዘውን ሽኩቻ ስናይ፣ ጅቡቲ ላይ የሁለቱም የጦር ሠፈሮች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተፋጥጠው ይገኛሉ፤ የቻይናው በ2017 ተከፈተ፤ የእኛ የገቢ ዕቃ በአብዛኛው የሚያልፈው በዚያች አገር ወደብ ነው። ታላላቆቹ ሲፎካከሩ በመካከል ያለ ሕዝብ እንደ ሰው ይቆጠራል ወይስ እንደ መሬት? ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ተንታኝ ይህን ጥያቄ ቢመልስልኝ እወዳለሁ።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የድሬዳዋው ወንድማችን ያነሱት እስካሁን በሰማኋቸው ክርክሮች ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም፤ በእርግጥ ሊሰጠው ይገባል።

መምህሩን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥንካሬና ሊረጋገጥ የሚችል ስምምነት አንድ ሥራ ናቸው ብለዋል። ቻይና ግን የኑክሌር ኃይሏን በፍጥነት እያሳደገች ነው፤ የኑክሌር ቦምቦቿ ከ600 በላይ እንደደረሱ የአሜሪካ መንግሥት ይገምታል፤ ለድርድር ስትጠየቅም እናንተ መጀመሪያ ወደ እኔ ቁጥር ውረዱ ትላለች። በር ላይ ተቀምጦ ፉርጎ የሚለካ ተቆጣጣሪ የማትቀበል ከሆነ የእርስዎ ሐሳብ በምን ላይ ይቆማል?

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የታሪክ መምህር)

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሸፋፍኜ ላልፈው አልፈልግም። ቻይና ዛሬ የቮትኪንስክ ዓይነት ስምምነት አትፈርምም። በኅዳር 2023 በዋሽንግተን ስለ ኑክሌር መሣሪያ አንድ ውይይት ተካሂዶ ነበር፤ በሐምሌ 2024 ቤጂንግ ለታይዋን የሚሸጠውን መሣሪያ ምክንያት አድርጋ አቋረጠችው። የሬገንና የጎርባቾቭ የሚሳኤል ስምምነት ራሱ በነሐሴ 2019 ያበቃው ሩሲያ ስለጣሰችው፣ በተጨማሪም ቻይና ስላልገባችበትና በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉ ብዙ መቶ ሚሳኤሎችን ስለደረደረች ነው። በዚህ ላይ የፍራንክፈርቱ ወንድማችን ትክክል ናቸው፤ ጎርባቾቭን የገፋው ዓይነት ችግር ሺ ዢንፒንግን ገና አልገፋውም።

ይሁን እንጂ ከ1987 በፊት 1972 አለ። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ጆን ዋርነር፣ በኋላ የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን ሴናተር የሆነው፣ ከሶቪየቱ አድሚራል ጎርሽኮቭ ጋር በባሕር ላይ የሚደርሱ ግጭቶችን የሚከላከል ስምምነት ሞስኮ ላይ ፈረመ። መርከቦች እንዳይጋጩ እንዲራራቁ፣ የሌላውን መርከብ እንዳነጣጠሩ በሚያስመስል መንገድ መድፍና ሚሳኤል እንዳያዞሩ፣ በአውሮፕላን እንዳያንዣብቡ፣ ምልክት እንዴት እንዲለዋወጡ የሚወስን፣ የመርከበኛ ቋንቋ የሚናገር ሰነድ ነው። ማንም ማንንም እንዲያምን አይጠይቅም። ሁለቱ ባሕር ኃይሎች በየዓመቱ ተገናኝተው ያለፈውን ዓመት ጥፋት አንድ በአንድ ይገመግሙ ነበር፤ ከአፍጋኒስታን ወረራም፣ ከኮሪያው አውሮፕላንም በኋላ ይህ ግንኙነት ጸንቶ ቆየ።

ከቻይና ጋር ግን ይህን ያህል የጸና ነገር የለም። በ1998 የተፈረመ የምክክር ስምምነት ነበር፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2001 በሃይናን ደሴት አጠገብ የቻይና ተዋጊ አውሮፕላን ከአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ጋር ሲጋጭ ግን አልጠቀመም። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ 24 አሜሪካውያን ለ11 ቀናት ታገቱ። የዳግማዊ ቡሽ መንግሥት የሐዘን ቃል ያለበት ደብዳቤ ጽፎ ሲያስለቅቃቸው የወግ አጥባቂ መጽሔት አዘጋጆች ውርደት ነው ብለው ጻፉ። እኔ እዚያ ላይ ከእነርሱ እለያለሁ። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ለታይዋን የሚሸጠው መሣሪያም አልቀረም፤ ቡሽ በዚያው ወር ሰፊ የመሣሪያ ሽያጭ ፈቀደ። በየካቲት 2023 ደግሞ የቻይናው ፊኛ ተመትቶ ሲወድቅ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ስልክ ቢደውል የቻይናው አቻው አላነሳም። የሁለቱ ጦሮች ግንኙነት እንደገና የተከፈተው በኅዳር 2023 መሪዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ ከተገናኙ በኋላ ነው።

ስለዚህ እኔ በአሁኑ ሰዓት የምደግፈው ሁለት ነገር በአንድ ላይ እንዲሠራ ነው። የሜሪላንዱ ወንድማችን የዘረዘሩት የመርከብና የጥይት ምርት ይጨመር፤ ይህ ከሌለ ቤጂንግ ስልክ የምታነሳበት ምክንያት የላትም። በዚያው ጎን እንደ 1972ቱ ያለ፣ ስለ ኑክሌር ቦምብ ቁጥር ሳይሆን ስለ መርከብና አውሮፕላን ርቀት የሚናገር ስምምነት፣ ዓመታዊ ስብሰባው በየሽኩቻው እንዳይሰረዝ አስገዳጅ ቃል ያለው፣ ይጠየቅ። ቻይና እምቢ ካለች በየዓመቱ እንደገና ይቅረብላት። ድሬዳዋ ላሉት ወንድማችን ጥያቄም ከዚሁ የሚመዘዝ ክፍል አለኝ፤ የጅቡቲን አየርና ባሕር እንደ ደቡብ ቻይና ባሕር ሁሉ በስምምነቱ ማካተት የሚቻል ነው። በ2018 አሜሪካ ከቻይናው ሠፈር አካባቢ የተለቀቀ የሌዘር ጨረር ሁለት አብራሪዎቿን ዓይናቸው ላይ እንደጎዳቸው ገልጻ አቤቱታ አቅርባ ነበር፤ ቻይና ክሱን አስተባብላለች። ከእኛ ወደብ አፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደገም የሚዳኝበት ደንብ እንዲኖር የመጠየቅ መብቱ የዋሽንግተንና የቤጂንግ ብቻ አይደለም፤ የጅቡቲና የኢትዮጵያ መንግሥታትም ሊያነሱት ይገባል።